ቄጠማው የጠፋበት በጋ

ፌሮውን መሬት ላይ ተክዬ ስጫነው ገባ። ደግሜ ጫንኩት፤ አሁንም ገባ። ከእኔ ቁመት የሚበልጥ የግንባታ ብረት ነው። ከጎሮ ወረድ ብሎ ካለው ኮንዶሚኒየማችን ጀርባ፣ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ በሚያልፈው ረግረግ ሜዳ መሃል ቆሜ ነበር። ብረቱ እጄ እስከያዘው ጫፍ ድረስ ያለ ምንም ትግል ሰመጠ። ጎትቼ ሳወጣው ጫፉ ላይ ተጣብቆ የመጣው ተራ ጭቃ አልነበረም። ጥቁር፣ እርጥብ፣ እንደ አሮጌ ገመድ ክር ክር ያለው ነገር ነው። ስጨምቀው ቡናማ ውሃ ወጣውና መዳፌ ላይ የሣር ሥርና የሣር አገዳ ቀረ። ከሞተ ማን ያውቃል ስንት ዘመን የሆነው ሣር፣ አሁንም ሣርነቱ ይለያል።

ያን ጊዜ ኢምፔሪያል አካባቢ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ማታ ማታ ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። የክፍል ጓደኞቼ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ሐይቅና ደን ፍለጋ ክፍለ ሀገር ሲወጡ፣ እኔ ሁለት ትንንሽ ልጆችና የሰኞ ጠዋት ክፍለ ጊዜ ስላሉብኝ የትም መሄድ አልቻልኩም። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ልብስ ሳሰጣ ነው ያንን ሜዳ በደንብ ያየሁት። መጋቢት ነበር። በዙሪያው ያለው ነገር ሁሉ ደርቆ አቧራ ሲያቦን እሱ ብቻ አረንጓዴ ነው። ለምን? ይህችን ጥያቄ ይዤ ነው ከግንባታ ቦታ ፌሮ ለምኜ የወረድኩት።

ውሃ ዓመቱን ሙሉ በሚተኛበት ቦታ አየር ወደ መሬቱ አይገባም። አየር ካልገባ የሞተው ተክል በቅጡ አይበሰብስም፤ የዘንድሮው ባምናው ላይ እየተነባበረ ይከማቻል። ስለዚህ ዓይነቱ አፈር ተማሪዎቼን ሳስተምር ሁልጊዜ የማሳያቸው የሩቅና የቀዝቃዛ አገር ሥዕል ነበር። ለካ ከበረንዳዬ ቁልቁል ስመለከተው የከረምኩት እሱኑ ኖሯል።

አማካሪዬ ንግግራቸው ዝግ ያለ፣ ጡረታ የደረሱ ዶክተር ነበሩ። ፎቶውን ስልክላቸው መልስ አልሰጡኝም። በሳምንቱ ቅዳሜ ግን ቦት ጫማቸውን በፌስታል ይዘው ከታክሲ ሲወርዱ አገኘኋቸው። ጥቁሩን አፈር ቆንጥረው አሸተቱ፤ በጣታቸው አሹት፤ ከዚያ በዙሪያቸው ያለውን ፎቅ ሁሉ ቀና ብለው አዩ።

"ይህን ያህል ዘመን ተክል ስከታተል፣ ቦሌ ውስጥ ይሄን አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም" አሉኝ።

"ታዲያ ምን ላድርግ ዶክተር?"

"ሥራሽ ቀላል ነው። ውሃው የት ጋ እንዳለ ለኪ፤ ምን እንደበቀለ ቁጠሪ። አንዱ ሲለወጥ ሌላው ምን እንደሚሆን ተከታተይ። አትቸኩይ ብቻ።"

ስድስት የፕላስቲክ ቱቦዎች ገዝቼ ጎን ጎናቸውን በሳሁና ከሜዳው ዳር እስከ መሃሉ በመስመር ተከልኳቸው። ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ መሬቱ ውስጥ ካለው ጋር እኩል ስለሚሆን፣ በማስመሪያ ስለካው የውሃውን ከፍታ ይነግረኛል። በየቱቦው አጠገብ ደግሞ በሲባጎ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር እያሰርኩ፣ በዚያች ካሬ ውስጥ የበቀለውን የተክል ዓይነት እመዘግባለሁ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ተንበርክኬ ስቆጥር ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

"ምን ጠፋብሽ ልጄ?"

ዞር ስል ማጭድ የያዙ፣ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ የሸጎጡ ሴትዮ ውሃው ውስጥ ቆመዋል። ሰባ ዓመት ሳይሆናቸው አይቀርም።

"ምንም አልጠፋብኝም እማማ። ሣር እየቆጠርኩ ነው።"

"ሣር ይቆጠራል እንዴ?"

"ዓይነቱን ነው የምቆጥረው።"

"ስንት ደረሰልሽ?"

"ስምንት።"

መጡና አጠገቤ ጎንበስ አሉ። ቄጠማውን በሁለት እጃቸው ገለጥ ሲያደርጉት ሥሩ ላይ ሦስት ሦስት ቅጠል ያላት ደቃቃ ተክል ተለጥፋ አየሁ።

"ዘጠኝ ነው። ማገጧን ዘለልሻት" አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ለብቻዬ ቆጥሬ አላውቅም። እማማ የተወለዱት እዚያው ነው፤ ከተማው ሳይደርስ፣ ዙሪያው ሁሉ የጤፍና የስንዴ ማሳ እያለ። በበዓል ዋዜማ ከሜዳው ቄጠማ አጭደው ኢምፔሪያል አደባባይ ወይም ላምበረት መናኸሪያ በር ላይ ይሸጣሉ። ሜዳውን ረግረግ ሲሉት ሰምቼ አላውቅም፤ ጨፌ ነው የሚሉት። እኔ በላቲን የምጽፈውን ስም እሳቸው ባማርኛም በኦሮምኛም ይነግሩኛል፤ ከብት የትኛውን እንደሚወድ፣ የትኛው ለፍራሽ፣ የትኛው ለክዳን እንደሚሆን ይጨምሩልኛል።

ያቺን የመጀመሪያ ዓመት ሳስባት እስካሁን ደስ ይለኛል። መሃሉ ላይ፣ ውሃው ጥልቅ በሆነበት፣ ከሰው የሚረዝም ፊላ አለ። ከሱ ወጣ ሲሉ ቄጠማው ይጀምራል። ከቄጠማው ወጣ ሲሉ ደግሞ ማገጡ፣ ደቃቃው የውሃ ዳር አበባ፣ ስማቸውን ለማግኘት ሳምንት ሙሉ መጽሐፍ ያገላበጥኩባቸው ትንንሽ ሣሮች። ውሃው አንድ ስንዝር ከፍና ዝቅ ሲል የሚበቅለው ሌላ ነው። ከትምህርት ቤት ስወጣ ሌሎች አስተማሪዎች ሻይ ሊጠጡ ሲሄዱ እኔ ቦቴን ለማድረግ እሮጥ ነበር። ባለቤቴ "ከሜዳው ጋር ነው እንዴ የተጋባሽው?" ይለኝ ጀመር።

በሁለተኛው ዓመት ጥር ላይ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ስካቫተር ጨፌው ግርጌ ቆሞ ጠበቀኝ። አጠገቡ አዲስ ሕንፃ ሊሠራ ነው፤ የመሠረቱ ጉድጓድ ውሃ እየሞላ ስላስቸገረ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ቦይ ቆፍረዋል። ቦዩ ውስጥ ቡናማው ውሃ ቁልቁል ይወርዳል። ቱቦዎቹን ለካሁ። በሳምንቱ ለካሁ። በወሩ ስለካ ዳር ካሉት ቱቦዎች በሁለቱ ውስጥ ውሃ አልነበረም።

የሚያሳፍረኝን ነገር እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ጀምሮ ስቆጥር፣ ዘጠኝ ዓይነት በነበረባት ካሬ አስራ አራት አገኘሁ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ አስራ አራት። ውሃው ሸሽቶ ዓይነቱ ጨምሯል። ሁሉም ሰው የሚጠብቀውን የሚገለብጥ ግኝት ያገኘሁ መሰለኝና ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ። እማማ ሲመጡ ገና ከሩቅ ነገርኳቸው።

ካሬዋን ዞረው አዩዋት። በማጭዳቸው ጫፍ አንድ በአንድ ነኩ።

"ይሄ ቱልት ነው። ይሄ ሰርዶ። ይሄ ጎርጠብ። ይሄ አሜኬላ" አሉ። "እነዚህ እኮ ደጄም አሉ፣ አስፋልት ዳርም አሉ። የትም አሉ። እዚህ ብቻ የነበረችዋ ማገጥ የታለች?"

ፈለግኳት። የለችም። ደቃቃው አበባም የለም። ቄጠማው አለ፤ ግን ቢጫ ሆኖ ጉልበቴ እንኳ አይደርስም።

"እንግዳ ሲበዛ ቤቱ የሞላ ይመስላል" አሉ እማማ። "ባለቤቶቹ ግን ወጥተዋል።"

ደብተሬን ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ። ቤቴ ገብቼ ዝርዝሩን በሁለት ከፈልኩት፤ በአንድ በኩል የትም የሚበቅሉትን፣ በሌላ በኩል ከእርጥብ መሬት ሌላ መኖሪያ የሌላቸውን። የመጀመሪያው እየረዘመ፣ ሁለተኛው እያጠረ ነበር። ድምሩን ብቻ ይዤ ብቀር ኖሮ ጽሑፌ ሁሉ ውሸት ይሆን ነበር። ለዶክተሩ ደውዬ ስነግራቸው ትንሽ ሳቁና "አማካሪሽ ከእንግዲህ እኔ ሳልሆን እሳቸው ናቸው" አሉኝ።

ሌላም ነገር አየሁ። ቱቦዎቹን ስተክላቸው ከመሬት በላይ የተውኩት አንድ መዳፍ ያህል ነበር። አሁን ግን አንድ ክንድ ሊሞሉ ምንም አልቀራቸውም። ሰው ነቅንቆ ያወጣቸው መስሎኝ ወደ ታች ገፋኋቸው፤ ንቅንቅ አላሉም። ከዚያ ገባኝ። ቱቦው ከፍ አላለም፤ መሬቱ ነው ዝቅ ያለው። ውሃው ሲሸሽ አየር ገብቶ ያ ስንት ዘመን የተጠራቀመ ጥቁር አፈር መበስበስና መጨማደድ ጀምሯል። በመጽሐፍ ያነበብኩትን ነገር በዓይኔ ሳይ ደነገጥኩም፣ ተደነቅኩም።

በዚያ ዓመት ጳጉሜ ላይ እማማ የሚያጭዱት ቄጠማ አላገኙም። ለእንቁጣጣሽ የሚሸጡትን ፍለጋ ሁለት ታክሲ ይዘው የከተማው ዳር ድረስ ሄደው፣ ጉልበታቸውን አሟቸው ተመለሱ። እኔ ደግሞ በማግስቱ ደብተሬን ይዤ ወደ ግንባታው ቦታ ሄድኩ።

ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር፤ የምናገረውን ሁሉ በመንገዴ ላይ አጥንቻለሁ። የሳይቱ ኢንጂነር ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ረጋ ያለ ልጅ ሆኖ አገኘሁት። አስተማሪ መሆኔን ሲሰማ ሄልሜቱን አውልቆ በርጩማ አቀረበልኝ።

"ይሄ መስመር ምንድነው ቲቸር?" አለኝ ደብተሬ ላይ የሳልኩትን እያየ።

"የውሃው ከፍታ ነው።"

"ይሄኛውስ?"

"የቄጠማው ቁመት።"

ሁለቱም ቦዩ በተቆፈረበት ወር ላይ ቁልቁል ይወርዳሉ። ጣቱን እዚያ ላይ አደረገ።

"እኔ የወለጋ ልጅ ነኝ" አለ። "እኛ ዘንድ ጨፌ ላይ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ሰው ይመክርበታል። ማንም አያርሰውም። ይሄንን ሳስቆፍር ጨፌ ነው ብዬ አላሰብኩትም፤ ረግረግ ነው አሉኝ፣ ረግረግ ነው አልኩ።"

"አሁንስ ቦዩ ያስፈልጋችኋል?"

"ቤዝመንቱ አልቋል። ውሃ እንዳያስገባ ተለብጧል። ባለቤቱን ላናግርና ልደውልልሽ።"

በሦስተኛው ቀን ደወለ። ቅዳሜ ጠዋት እሱ፣ አራት ሠራተኞችና እኔ ቦዩን አሸዋ በሞላ ማዳበሪያ ደፈንነው። እማማ ከዳር ቆመው ያዩን ነበር። እኔ እንደሆንኩ ጨፌውን ያዳንኩት መስሎኝ ወደ ቤቴ እየዘፈንኩ ነው የሄድኩት።

አላዳንኩትም። ቦዩን የደፈንነው ከዱሮው የመሬት ከፍታ ጋር አስተካክለን ነው፤ መሬቱ ግን ከዚያ ወዲህ ሰምጧል። በተከታዩ ክረምት የሰማይም የአስፋልትም ውሃ መጥቶ እዚያው ተኛ። ሐምሌ ላይ ስገባ ጉልበቴን አለፈኝ። መጀመሪያ ውሃውን በማየቴ ብቻ ደስ አለኝ። ከዚያ ካሬዎቼን ፈለግኩ፤ ሲባጎዎቹ ተንሳፍፈዋል። መሃል ባለችው ካሬ የቀሩት ሦስት ዓይነት ብቻ ናቸው፤ ፊላው ግን ከዳር እስከ ዳር ቄጠማውን እየረገጠ መጥቷል።

"አምና በጥም፣ ዘንድሮ በውሃ" አሉ እማማ። "ጨፌ እኮ በርሜል አይደለም ልጄ።"

"ታዲያ ዱሮ ውሃው ስንት ነበር? እኔ ያለኝ ቦዩ ሳይቆፈር የለካሁት የአንድ ዓመት ብቻ ነው።"

ቁጥር አልነገሩኝም። ማጭዳቸውን አስቀምጠው ቱቦው አጠገብ ሄደው ቆሙ።

"ለእንቁጣጣሽ ሳጭድ እስከ ባቴ ነበር። እዚህ ድረስ" ብለው እግራቸውን ነኩ። "ለመስቀል ከዚህ ዝቅ ይላል። ለገና ቁርጭምጭሚቴ ጋ ነው። ለጥምቀት ተረከዜን ብቻ ያረጥበኛል። ቄጠማው ሥሩ እርጥብ፣ አናቱ ፀሐይ ላይ ሲሆን ነው የሚወደው። ትንንሾቹ ደግሞ የሚወለዱት ጭቃው ብቅ ሲል ነው። ሁሌ ከተሞላ በየት ይወለዱ?"

ማስመሪያዬን አውጥቼ እግራቸውን ለካሁ። ባታቸውን፣ ቁርጭምጭሚታቸውን፣ ተረከዛቸውን። ለሁለት ዓመት ተኩል ስፈልገው የነበረው፣ ከቦዩ በፊት የነበረው የሃምሳ ዓመት መረጃ እዚያው ፊቴ፣ ውሃ ውስጥ ቆሞ ነበር። ወዲያው ለኢንጂነሩ ደወልኩለት፤ ሥራውን ትቶ መጣ።

"የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር ነው የሚያስፈልገን" አለ ቁጥሮቹን ሲያይ። "በየወቅቱ ትንሽ ትንሽ የሚለቅ።"

ከሳይቱ የተረፈ የአርማታ ጣውላ አመጣ። ቦዩ አፍ ላይ በብሎኬት ጉበን ሠርቶ፣ ሦስት ጣውላዎች አንዱ ባንዱ ላይ እየተሰኩ የሚወጡበት ፍልፍል መስመር አወጣለት። መሬቱ የሰመጠውን ያህል ቀንሰን፣ የላይኛዋ ጣውላ ጠርዝ የእማማ ባት ድረስ፣ ሁለተኛዋ ቁርጭምጭሚታቸው ድረስ፣ ሦስተኛዋ ተረከዛቸው ላይ እንድትሆን አደረግን። ኢንጂነሩ ውሃ ልክ ይዞ ጎንበስ ቀና ሲል እማማ በየመሃሉ ገብተው ይቆሙና "አዎ" ወይም "ትንሽ ዝቅ" ይላሉ። እሱም ያለ ክርክር ዝቅ ያደርጋል። እኔ ሁለቱን እያየሁ መሳቄን ማቆም አቃተኝ።

የመጀመሪያዋን ጣውላ በመስቀል ማግስት አወጣናት። ሁለተኛዋን ገና ሲቃረብ። ከዚያ በሳምንቱ በጠዋት ብቻዬን ስወርድ፣ ውሃው በሸሸበት ጥቁር ጭቃ ላይ እንደ ሰሊጥ የተበተነ አረንጓዴ ነጠብጣብ አየሁ። ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። ነጠብጣቡ ቅጠል ሆነ፤ ክብ፣ ከአስር ሳንቲም የማይበልጥ፣ ግንዱ መሃሉ ላይ የተተከለ። ከሥሩ ደቃቅ ነጭ አበባ ወጣ። ደብተሬን አገላበጥኩ፤ በሦስት ዓመት አንድም ቀን አልመዘገብኳትም።

እማማን ጠራኋቸው። ቁና ቁና እየተነፈሱ መጥተው አዩዋት፤ ከዚያ እርጥቡ ሣር ላይ ቁጭ አሉ።

"አመመዎት?"

"የእንቁራሪት ጃንጥላ" አሉ ቀስ ብለው። "እንደዚያ ነበር የምንላት። እኔና ታላቅ እህቴ ከብት ውሃ ልናጠጣ ስንመጣ እየቀጠፍን ለጭቃ አሻንጉሊቶቻችን እናስይዛቸው ነበር። ይቺ የጠፋችው እህቴ ሳትዳር በፊት ነው። እኔ የለችም ብዬ ትቻት ነበር።"

አንዷን ቀጥፈው በጣታቸው መሃል ያዟት። ከዚያ ቀና ብለው "ከየት መጣች?" አሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ለሳቸው የምነግራቸው ነገር ነበረኝ። ዘሯ ጥቁሩ አፈር ውስጥ ተኝቶ እንደነበር፣ አየርና ብርሃን ሳያገኝ ሳይበሰብስ እንደቆየ፣ ውሃው በወቅቱ ሸሽቶ፣ ቄጠማው በሳሳበት ጭቃው ፀሐይ ሲያይ እንደነቃ ነገርኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡኝና "ታዲያ ሌላስ ምን ተኝቷል?" አሉ።

ዶክተሩ በማግስቱ መጡ። ማጉያ መነፅራቸውን ይዘው ያለ ቦት ጫማ፣ በሱፍ ሱሪያቸው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። ብዙ ቆይተው ስሟን በላቲን ነገሩኝ። እኔ ሁለቱንም ስም ጻፍኩ፤ የእማማን አስቀድሜ።

የመመረቂያ ጽሑፌን ያቀረብኩ ቀን እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ኢንጂነሩም ፈቃድ ጠይቆ መጣ። ከፈታኞቹ አንዱ፣ "ቦዩ ከተቆፈረ በኋላ የዓይነት ብዛት ከጨመረ፣ ጉዳት ደረሰ የምትይው ለምንድነው?" ሲሉ ጠየቁኝ። ስለ እንግዶቹና ስለ ባለቤቶቹ የሰማሁትን እንደሰማሁት ተናገርኩና ማን እንዳስተማረኝ አሳየኋቸው። ፈታኙ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ለእማማ እጅ ነሱ። እማማ ግን ለሳቸው ያሉት "መጥተው ይዩት፤ እዚህ ተቀምጠው አይታይም" ብቻ ነው።

ጨፌው ዛሬም አለ። በሁለት በኩል ፎቅ ቆሞበታል፤ ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ቄጠማው እንደ ዱሮው ወፍራም ባይሆንም ለበዓል ይበቃል። ኢንጂነሩ ሌላ ሳይት ቢዛወርም ጣውላ በምናወጣበት ሰሞን እየደወለ "ወጣች?" ይለኛል። እማማ አሁን ማጨዱን ለልጃቸው ትተውላታል፤ ቆጠራው ቀን ግን አይቀሩም፤ በርጩማ ይዘን ሄደን ዳር ላይ እናስቀምጣቸዋለን።

ባለፈው ቅዳሜ ከሦስተኛዋ ካሬ ጥግ ላይ አንዲት ቀጭን፣ ቀላ ያለ ግንድ ያላት ተክል አገኘሁ። ሳልነቅላት ጠራኋቸው። በምርኩዛቸው ተደግፈው መጡ፤ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ቅጠሏን አገላበጡ፤ አሸተቱ። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ እጠብቃለሁ።

"ይቺን እንኳ እኔም አላውቃትም" አሉ፤ ፊታቸው በሙሉ ሳቅ ነበር።